«ኤክሰሱን እኔ እችለዋለሁ» ሲባሉ

ነፋስ ጣሪያ ሲገለብጥ ወይም በረዶ ያረጀ ቆርቆሮ ሲያበሳሳ ባለቤቱ ቀድሞ የሚጠይቀው የቆርቆሮ ዋጋ ስንት ገባ ብሎ ነው። ቤቱን መድን ያስገባ ሰው ግን ከዚያ በፊት ማወቅ ያለበት ሌላ ቁጥር አለ። ይህም ከጉዳቱ ውስጥ መድን ድርጅቱ የማይከፍለው፣ ባለቤቱ ራሱ ከኪሱ የሚያወጣው ድርሻ ነው። መድን ቤቶች ኤክሰስ ይሉታል። ጣሪያ ሊቀይርልዎ የመጣ ሠራተኛ ወይም ተቋራጭ ደግሞ «እሱን ተዉት፣ ኤክሰሱን እኔ እችለዋለሁ» ሊልዎ ይችላል። የዚህ መመሪያ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ያ ድርሻ አይጠፋም። ከወረቀት ላይ ቢጠፋ እንኳ ከጣሪያዎ ላይ ተቆርጦ ይከፈላል። ስለዚህ ድርሻዎን አስቀድመው ያስሉ፣ ገንዘቡን ያዘጋጁ፣ ከተቋራጩ ጋር የሚዋዋሉትም በዚያ ስሌት ላይ ቆመው ይሁን።

«እዚህ ደቡብ ወሎ፣ ኩታበር ላይ ቤቱን መድን ያስገባ ስንት ሰው ተገኝቶ ነው?» የሚል ጥያቄ ከወዲሁ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ብዙ ሰው የለም። ያሉትም አብዛኞቹ ወደው ሳይሆን ባንክ አስገድዷቸው የገቡ ናቸው። ቤቱን አስይዞ የተበደረ ነጋዴ ባንኩ መድን ግባ ስላለው ደሴ ወርዶ ፈርሟል፣ አረቦኑን በየዓመቱ ይከፍላል፣ ፖሊሲውን ግን ገልጦ አያውቅም። ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ ቤት ሠርቶ መድን ያስገባበትም ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ለእነዚህ ነው። መድን የሌለው ሰውም ቢሆን ከስሌቱ ውጭ አይደለም፤ የእሱ ድርሻ መቶ በመቶ ነው። ከተቋራጭ ጋር ስለሚደረገው ውል የተጻፈውም እንዳለ ይመለከተዋል።

የመጀመሪያው ሥራ ፖሊሲውን ከሳጥን አውጥቶ ማንበብ ነው። እኛ ዘንድ ለቤት በብዛት የሚሸጠው የእሳትና የመብረቅ አደጋ መድን ነው። ስሙ እንደሚናገረው መነሻው እሳትና መብረቅ ነው፤ ማዕበል፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የመሳሰሉት ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው በተቀጽላ የሚገቡ ናቸው። ደጋ ላይ ጣሪያን ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ነፋስና በረዶ ሆኖ ሳለ ፖሊሲው ላይ ነፋስ የሚል ቃል ከሌለ፣ ባለቤቱ ሲከፍል የኖረው ለሌላ አደጋ ነው ማለት ነው። በረዶ በስሙ መጠቀሱንም ይጠይቁ። «ማዕበል ሲባል በረዶም አለበት» የሚል የቃል ማረጋገጫ ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ዋጋ የለውም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1725 የመድን ውል በጽሑፍ መሆን አለበት ይላልና። ጦርነትም ከመደበኛው ፖሊሲ ውጭ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ኩታበር የጦር ግንባር በነበረችበት ጊዜ የተመታ ቤት በእሳት ቢቃጠልም እንኳ የእሳት ፖሊሲው አይደርስለትም፤ ለፖለቲካ ነውጥና መሰል አደጋ የሚሸጠው ሽፋን ራሱን የቻለ ሌላ ውል ነው።

ቀጥሎ ኤክሰሱ በምን እንደሚሰላ ይፈልጉ። ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ በብር የተቆረጠ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ከጉዳቱ ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ሲሆን «ከዚህ ብር ማነስ የለበትም» የሚል ወለል ይጨመርበታል። ሦስተኛው ከጉዳቱ ሳይሆን ቤቱ መድን ከተገባበት ጠቅላላ ገንዘብ ላይ የሚታሰብ መቶኛ ነው፤ ሰውን የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ የነፋስና የበረዶ ኤክሰስ በብዛት የሚታሰበው በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው። የ300,000 ዶላር ቤት ሁለት በመቶ ማለት ጣሪያው ላይ የደረሰው ጉዳት ምንም ይሁን ምን የመጀመሪያው 6,000 ዶላር የባለቤቱ ነው። ዳላስና አካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል፤ በረዶ በወረደ ማግሥት የጣሪያ ሠራተኛ በር የሚያንኳኳባቸው ሰፈሮች ናቸው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ዛሬ ባለበት ሁኔታ 3,000,000 ብር የሚያወጣ ቤት ከዓመታት በፊት በ1,500,000 ብር መድን ተገባለት እንበል። ነፋስ ጣሪያውን ገነጠለውና በአዲስ ለመተካት 240,000 ብር ተጠየቀ። ኤክሰሱ የካሳው አሥር በመቶ ነው። ባለቤቱ በልቡ «24,000 ከእኔ፣ ቀሪው ከመድን» ብሎ ይጠብቃል። የመድን ድርጅቱ የጉዳት ገማች ግን ሥራውን ከሌላ ቦታ ይጀምራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቁጥር 678 የንብረት መድን የካሳ ውል ነው ስለሚል፣ የሚከፈለው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ጣሪያው ያረጀ ነበርና ሩቡን ለእርጅና ቢቀንስ 180,000 ይቀራል። ከዚያ ቤቱ መድን የተገባው በግማሽ ዋጋው ስለሆነ ግማሹን ራሱ ባለቤቱ እንደተሸከመው ይቆጠራል፤ 90,000 ቀረ። ከዚህ ላይ አሥር በመቶው ኤክሰስ 9,000 ሲነሳ ለባለቤቱ የሚደርሰው 81,000 ብር ነው። ከ240,000ው ውስጥ 159,000 ብር ከኪሱ ወጣ ማለት ነው። ኤክሰስ ተብሎ የተጻፈው ከሦስቱ ቅናሾች ትንሹ ሆነ። መድኑ የተገባበትን ገንዘብ ብቻ አስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ከ180,000 ላይ 18,000 ተነስቶ 162,000 ይደርሰው ነበር። እዚህ ላይ መድን ድርጅቱ አጭበረበረ ማለት አይቻልም፤ የተፈረመው ውል የሚለው ይህንኑ ነው።

ይህ ስሌት ያለፈበት ምሳሌ አይደለም፤ እንዲያውም ዛሬ ብሶበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቆርቆሮ የሚሠራበት የብረት ጥቅል ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ፋብሪካው ኮምቦልቻ ቢሆንም ዋጋው የዶላር ነው። ከዚያ ቀን በፊት በተጻፈ ቁጥር ዛሬም አረቦን የሚከፍል ሰው ሳያውቀው ቤቱን በከፊል ራሱ መድን ገብቶለታል። ስለዚህ ውሉ በሚታደስበት ወር ደሴ ያለውን ቅርንጫፍ ቀርበው የቤቱን ግምት ያስከልሱ። አረቦኑ ይጨምራል፤ ይጨምር። ጭማሪውን ለመቋቋም ከፈለጉ የቤቱን ግምት ዝቅ አያድርጉ፤ ኤክሰሱን ከፍ ያድርጉ። ኤክሰስ ከፍ ሲል አረቦን ይቀንሳል። የቤት ግምት ዝቅ ሲል ግን ትልቁ ጉዳት ላይ ይመታዎታል።

«ለደሃ ሰው እኮ የሚሻለው ዝቅተኛ ኤክሰስ ነው፤ ድንገት ከየት ያመጣል?» የሚል ተቃውሞ አለ። ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ እጁ ላይ ምንም ለሌለው ሰው እውነትም ዝቅ ያለው ይሻለዋል። ነገር ግን የትንሽ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ የሚወጣውን ያስቡ፦ ደሴ መመላለስ፣ ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ ገማች መጠበቅ፣ የሥራ ቀን መክሰር። ሁለት ቆርቆሮ ለመተካት ይህን ሁሉ ማለፍ አያዋጣም። ልኩ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ በሬ ሳይሸጡ፣ በወለድ ሳይበደሩ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሊያገኙት የሚችሉት ገንዘብ ኤክሰስዎ ይሁን። ያንን ገንዘብም ለብቻ ያስቀምጡት፣ ወይም እቁብ ገብተው ለክረምት መግቢያ የሚደርስዎትን ዕጣ ይያዙለት።

ሌላው ደግሞ «ቅሬው፣ የሰፈሩ መረዳጃ እያለ መድን ምን ያደርጋል?» ይላል። ቅሬና እድር የአንድ ሰው ቤት ሲቃጠል ከየትኛውም መድን ይፈጥናሉ፤ ሰው በዚያው ቀን እንጨት ይዞ ይመጣል፣ ፎርም አያስሞላም። ችግሩ በረዶና ነፋስ ቤት መርጠው የማይመቱ መሆናቸው ነው። በአንድ ማታ የቀበሌው ግማሽ ጣሪያ ከተገለበጠ የሚረዳውም ተረጂውም አንድ ይሆናል። ጎረቤትዎ የራሱን ጣሪያ ጥሎ የእርስዎን እንዲያለብስ አይጠብቁም። መድን ድርጅት አደጋውን ኩታበር ላልኖረ ሰውም ጭምር ያካፍላል፤ ለዚህ ነው ቅሬ በማይችለው ላይ የሚያስፈልገው። ስለዚህ ሥራውን ይከፋፍሏቸው፦ ትንሹንና የመጀመሪያውን ድርሻ ለእቁብና ለቅሬ፣ ቤት የሚያፈርሰውን ለመድን።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ቅደም ተከተሉን አይሳቱ። ጣሪያው ላይ ከመውጣትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ከሩቅ ሙሉ ቤቱን፣ ከቅርብ የተነቀለውን ምስማርና የተቀደደውን ጠርዝ፣ ከውስጥ ደግሞ የራሰውን ኮርኒስ። የጎረቤት ጣሪያም ተጎድቶ ከሆነ አብረው ያንሱት፤ ነፋሱ ለመነሳቱ ከዚያ የተሻለ ምስክር የለም። ከቀበሌው ቀኑን የሚጠቅስ ደብዳቤ ይውሰዱ፤ እሳት ከሆነ ፖሊስ ዘንድ ያስመዝግቡ። ለመድን ድርጅቱ በዚያው ቀን ይደውሉ፣ በጽሑፍም ያስገቡ፤ የማሳወቂያው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ ፖሊሲው ላይ ያለውን ገደብ ይመልከቱ። ዝናብ እንዳይገባ ሸራ ማልበስ ይችላሉ፣ እንዲያውም ግዴታዎ ነው፤ ጉዳት እንዲሰፋ ዝም ያለ ሰው የሰፋውን ካሳ አያገኝም። ለሸራውና ለገመዱ ያወጡበትን ደረሰኝ ይያዙ። የወለቀውን ቆርቆሮ ግን ገማቹ ሳያየው አይሽጡ። አሮጌ ቆርቆሮ ገዢ አያጣም፣ አጥር ይሆናል፣ የከብት ቤት ይሆናል፤ ስለዚህ መድን ድርጅቱ ቅሪቱን ሊረከብ ወይም ዋጋውን ከካሳው ሊቀንስ ይችላል። ተቋራጩም ያንን ስለሚያውቅ «አሮጌውን እኔ አነሳልዎታለሁ» እያለ ትብብር አስመስሎ ይወስደዋል።

የተቋራጩ ግብዣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ይሠራል። ሥራው 240,000 ብር ከሆነ 267,000 ብር የሚል ፕሮፎርማ ይጻፋል፤ ኤክሰሱ በጭማሪው ይዋጣል፤ እርስዎ ምንም ሳያወጡ ጣሪያዎ ይቀየራል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ግን ገማቹ የደሴን የቆርቆሮ ዋጋ ያውቃል፤ ጭማሪውን ሰርዞ በትክክለኛው ዋጋ ካሳውን ይቆርጣል። ያኔ ተቋራጩ ቃሉን አያጥፍም፣ ሥራውን ያሳንሳል፦ ባለ 28 ጌጅ የተባለው ቆርቆሮ ከእሱ የሳሳው ባለ 32 ይሆናል፣ የጎማ ክዳን ያለው ምስማር ተራ ምስማር ይሆናል፣ አዲስ አጣና የተባለው የድሮው እንጨት ተገልብጦ ይመታል። ጭማሪው ቢያልፍስ? ያኔ ደግሞ ፊርማው የእርስዎ ነው። የካሳ ጥያቄ ላይ የሐሰት ሰነድ ማቅረብ የካሳውን መብት በሙሉ የሚያሳጣ አንቀጽ ፖሊሲዎች ላይ የተለመደ ነው፤ በወንጀል ሕጉም ማታለል ነው። ተቋራጩ ገንዘቡን ወስዶ ሄዷል፤ የሚጠየቀው ባለ ፖሊሲው ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን የቴክሳስ ሕግ ያሳያል። ከመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ ግዛት ተቋራጭ የደንበኛውን ኤክሰስ እከፍላለሁ ወይም እተዋለሁ ማለቱ ወንጀል ነው፤ ባለቤቱም ድርሻውን መክፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ መድን ድርጅቱ ሊጠይቀው ይችላል። ኮሎራዶ በ2012 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ክልከላ አውጥታ ነበር። ሁለቱም በረዶ የሚበዛባቸው ግዛቶች ናቸው፤ ሕጉን ያወጡት ነገሩ ስለበዛባቸው ነው። ልጅዎ ወይም ወንድምዎ ዳላስ ወይም ዴንቨር ካለ ይህን ይንገሩት፣ እዚያም «ነፃ ጣሪያ» የሚሸጥ አይጠፋም።

«መድን ድርጅቶች ለመክፈል ስንት ወር ያንገላታሉ፤ ትንሽ ቢጨመርባቸው ምን አለበት?» የሚል ሰው ቅሬታው መሠረት የለውም አልልም። ማንገላታት አለ። ሆኖም ጭማሪው መዘግየቱን አያሳጥርም፣ እንዲያውም ገማቹ እንዲጠራጠር ምክንያት ይሆነዋል፤ የተጠረጠረ ፋይል ደግሞ ከሁሉ በታች ይቀመጣል። የዘገየን ካሳ የሚያስከፍሉት በጽሑፍ በመጠየቅ፣ መልሱን በጽሑፍ በመቀበል፣ ካልሆነም መድን ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ በማመልከት ነው። በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 መሠረት የመድን ክርክር በሁለት ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ «ነገ ና» እየተባሉ ጊዜው እንዳያልፍብዎ ቀኑን ይቁጠሩ።

ከተቋራጩ ጋር የሚፈርሙት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ውሉ ላይ «ጥሩ ቆርቆሮ» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። የጌጁን ቁጥር ብቻ መጻፍም አይበቃም፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ሁሉም አናጢ ያውቃል፣ ሁሉም ባለቤት ግን አያውቅም። ውፍረቱ በሚሊሜትር ይጻፍ፣ ከዚያም ይመዘን። ለመመዘን ባለሙያ አያስፈልግም። አንድ ክር ወስደው በቆርቆሮው ወርድ ላይ ጉብታውንና ጎድጓዳውን ተከትለው ያስኪዱት፣ ክሩን ዘርግተው ይለኩ፤ ያ ቆርቆሮው ከመታጠፉ በፊት የነበረው ወርድ ነው። በርዝመቱ ሲያባዙት ስፋቱ ይወጣል። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ክሩ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ውፍረቱ 0.4 ሚሊሜትር ከሆነ 5.6 ኪሎ ገደማ፣ 0.3 ከሆነ 4.2፣ 0.2 ከሆነ 2.8 ኪሎ ይመዝናል። እህል የሚመዘንበት ሚዛን ይበቃል። አንድ ቆርቆሮ ብቻ አይመዝኑ፤ ከክምሩ መሃል አሥሩን አንድ ላይ ያውጡና ይመዝኑ፣ ከላይ የሚቀመጠው ወፍራሙ ሊሆን ይችላልና።

ምስማሩም ይጻፍ። ምስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፤ ውኃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ምስማር በመጀመሪያው ክረምት ያንጠባጥባል። ነፋስ ጣሪያ የሚያነሳው ከጠርዝና ከአናት ጀምሮ ስለሆነ በእነዚያ ረድፎች ላይ ምስማሩ ከመሃሉ ጠጋ ጠጋ ብሎ ይመታ። አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ የሚደራረበው የነፋሱን አመጣጥ ተከትሎ እንጂ ለአናጢው እጅ እንደተመቸው መሆን የለበትም። አጣናው የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይሸሽና ምስማሩ ይላላል። የጣሪያው እንጨት ከግድግዳው ጋር በፌሮ ወይም በወፍራም ሽቦ መታሰሩን ቆርቆሮው ሳይለብስ ወጥተው ይዩ፣ ከለበሰ በኋላ አይታይም። ይህ ሁሉ ጭማሪ ወጪ አለው፤ ለኤክሰስ ያስቀመጡት ገንዘብ ከሁሉ በተሻለ ሥራ ላይ የሚውለውም እዚህ ነው፣ የሚቀጥለውን ጉዳት የሚያስቀር ወጪ ነውና።

አከፋፈሉን በተመለከተ ከቻሉ ዕቃውን ራሱ ባለቤቱ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሄዶ በደረሰኝ ይግዛ፤ ተቋራጩ የእጅ ዋጋውን ብቻ ይዋዋል። ለዕቃ ተብሎ በጠቅላላ የተሰጠ ቅድመ ክፍያ ወደ ሌላ ሰው ጣሪያ መሄዱ የተለመደ ነው። የእጁን ዋጋ ለሦስት ከፍለው ይስጡት፦ እንጨቱ ተመትቶ ሲታይ፣ ቆርቆሮው ሲለብስ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ካለፈ በኋላ። ተቋራጩ ይህን ሦስተኛውን አይወደውም፤ ውሉ ላይ ካልተጻፈም አይቀበለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3039 የሕንፃ ተቋራጭ ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ይህ መብት ግን ተቋራጩን ማግኘት ለሚችል ሰው ነው የሚጠቅመው። ስለዚህ የመታወቂያውን ቅጂና የሚታወቅ ዋሱን ከውሉ ጋር ያያይዙ። ርክክቡ ሲያልቅ የዕቃውን ደረሰኝ፣ የአዲሱን ጣሪያ ፎቶና የቆርቆሮውን ውፍረት የሚገልጽ ደብዳቤ ለመድን ድርጅቱ ያስገቡና ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ያስቀሩ፤ የሚቀጥለው የእርጅና ቅናሽ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።